ከአፈር የተገኘው ቀይ መድኃኒት

ክፍል ገብተን «ባክቴሪያ ምንድን ነው?» ብንል፣ ልጆቹ «በሽታ!» ይሉናል። ታዲያ ይህን ብቻ ካስተማርን ግማሹን እውነት ደበቅን ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኢጣልያ፣ በካስቴል ዴል ሞንቴ አካባቢ ከተወሰደ አፈር አንድ የስትሬፕቶማይሲስ ባክቴሪያ ተገኘ። በ1960ዎቹ ዘሩ በላቦራቶሪ ሲለወጥ፣ ዶክሶሩቢሲን የተባለውን ቀይ ፀረ ካንሰር መድኃኒት ሰጠ።

አሠራሩ፦ በዲ ኤን ኤ ሰንሰለት መካከል ይሰካል፤ ሕዋሱ መባዛት ያቅተዋል። ግን ቶሎ የሚባዛውን ጤነኛ ሕዋስም አይምርም፤ ፀጉር ይረግፋል፣ ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳል።

ጥንቃቄው፦
1ኛ/ ልብን ይጎዳል። ስለዚህ በሽተኛው በዕድሜው የሚወስደው ጠቅላላ መጠን ይቆጠራል፤ ጣሪያው ለአንድ ካሬ ሜትር የገላ ስፋት ከ450 እስከ 550 ሚሊ ግራም ገደማ ነው።
2ኛ/ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል። ሲወጋ ካቃጠለ ወዲያው መናገር ነው።
3ኛ/ በሕክምናው ወቅት ትኩሳት ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው።
4ኛ/ ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን ሊቀላ ይችላል። ይኼ የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ ደም አይደለም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ለሐኪም ይነገር።

ነገ አንድ ተማሪ «እማዬ መድኃኒት ተወግታ ደም ሸናች» ብሎ ቢያለቅስ ምን እንለዋለን? መልሱን ዛሬ እንያዝ።