ለልጅ የስፖርት ጠመንጃ ከመግዛታችን በፊት፦ ትከሻው፣ ጆሮውና የቁልፉ ማደሪያ



በቅርቡ አንዲት እናት ለደም ግፊት ክትትል ወደ ኩፓት ሖሊም መጡ። ልኬቱ ከወትሮው ከፍ ብሎ ስላገኘነው «እማማ፣ ምን አሳሰበዎት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የወንድሜ የልጅ ልጅ ጠመንጃ ግዙልኝ ብሏል። ተኩሱን የሚያስተምረው ትምህርት ቤቱ ነው አሉ። ዘመድ እያዋጣ ነው፤ እኔ ግን ለልጅ ጠመንጃ መስጠት እንቅልፍ ነሳኝ» አሉን።

ነገሩ እውነት ነው። በሚኒሶታና በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሸክላ ዒላማ ተኩስ ቡድን አላቸው። እኛ ነርሶች የጠመንጃ ነጋዴ አይደለንም። ሆኖም የጠመንጃው ምርጫ የልጁን ትከሻ፣ ጆሮና ዓይን፣ ከሁሉም በላይ የቤቱን ሰላም ስለሚነካ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት መታወቅ ያለበትን ዛሬ አብረን እንማር።

ስፖርቱ ምንድን ነው?

ተኩሱ በሰውም በአውሬም ላይ አይደለም። አንድ መወርወሪያ መሣሪያ ስፋቱ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክብ ሰሃን ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ተኳሹም ሰሃኑን በአየር ላይ ይሰብራል። ስሙ «ሸክላ» ይባል እንጂ ሰሃኑ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከሬንጅ መሰል ማጣበቂያ ነው። በአሜሪካው «ትራፕ» በሚባለው ዓይነት አንድ ዙር 25 ተኩስ ነው፤ ከአምስት መቆሚያዎች አምስት አምስት ጊዜ ይተኮሳል። ስፖርቱ ከ1900 ጀምሮ በኦሊምፒክ የታየ ነው።

ጠመንጃው ባገር ቤት ከምታውቁት ምንሽር የተለየ ነው። ምንሽር አንድ ዓረር ወደ ሩቅ ይልካል። የዚህ ስፖርት ጠመንጃ ሾትገን ይባላል፤ አንዱ ጥይት በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የእርሳስ ፍሬዎችን በአንድ ጊዜ በትኖ ይልካል።

አንደኛ፦ የትኛው ዓይን ይመራል?

እንደ እጅ ሁሉ ከሁለት ዓይኖቻችን አንዱ መሪ ነው። ይህንን ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል። ልጁ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥራ። በቀዳዳው በኩል ራቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የበር እጀታ፣ በሁለቱም ዓይኖቹ ይመልከት። ከዚያ ቀኝ ዓይኑን ብቻ ይጨፍን። እጀታው ከጠፋበት መሪው ቀኝ ዓይኑ ነው፤ ካልጠፋ ግራው ነው።

ይህ ለግዢው ለምን ይጠቅማል? ቀኝ እጁ የሚቀናው ልጅ ግራ ዓይኑ መሪ ከሆነ፣ አሠልጣኙ ከግራ ትከሻው እንዲተኩስ ሊመክረው ይችላል። የግራ ሰው ሰደፍ ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው። ይህን ሳያጣሩ የገዙ ወላጆች ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ።

ሁለተኛ፦ ሰደፉ በልጁ ልክ ይሁን

ጫማን ሳይለካ የሚገዛ የለም፤ ጠመንጃም እንዲሁ ነው። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት ለአዋቂ ከ36 እስከ 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለልጆች የሚሠራው 33 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሰደፉ ሲረዝም ወደ ክንዱ ይንሸራተትና ክንዱን ያበልዛል። ሲያጥር ደግሞ ጠመንጃው ሲረግጥ የልጁ አውራ ጣት አፍንጫውን ይመታል።

በጉርምስና ያለ ልጅ በዓመት ውስጥ ብዙ ያድጋል። ስለዚህ ሰደፉ ላይ ማስረዘሚያ መጨመርና መቀነስ የሚቻልበት ጠመንጃ ይመረጣል። ከተኩስ በኋላ ጉንጩ ወይም ትከሻው የሚበልዝ ልጅ «ወንድ ልጅ ይቻለው» አይባልም፤ ልኩ እንዳልሆነ ሰውነቱ እየተናገረ ነው። የክንድ መደንዘዝ ወይም ቶሎ የማይለቅ ሕመም ካለ ተኩሱን አቁሞ ሐኪም ይታይ።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩና ክብደቱ

የሾትገን መጠን በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ ግን ግራ ያጋባል። ቁጥር 12 የሚባለው የአፈሙዙ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቁጥር 20 ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል ማለት ነው። ለትራፕ በብዛት የሚያገለግለው ቁጥር 12 ነው።

«ለልጅ ትንሹና ቀላሉ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ቀላል ጠመንጃ ለመሸከም ይመቻል፤ ሲተኮስ ግን ወደ ኋላ አጥብቆ ይረግጣል። ከበድ ያለው ርግጫውን በክብደቱ ያበርደዋል። መላው ሚዛናዊ ክብደት ያለው ጠመንጃ መርጦ አነስተኛ ጥይት መጠቀም ነው። በቁጥር 12 ጥይት ውስጥ የሚገባው እርሳስ 24፣ 28 ወይም 32 ግራም ሊሆን ይችላል፤ ለጀማሪ 24 ግራም ያለው ትከሻን ያሳርፋል። ልጁ ጠመንጃውን ሲያነሳ ወገቡን ወደ ኋላ ከለጠጠ ወይም ዙሩ ሳያልቅ ክንዱ ከተንቀጠቀጠ ግን ከብዶታል።

አራተኛ፦ የአሠራሩ ዓይነት

ሦስት ዓይነቶች በብዛት ይታያሉ። የመጀመሪያው ከመሐሉ የሚታጠፍ ባለ አንድ አፈሙዝ ነው። ሁለተኛው እንዲሁ ይታጠፋል፤ ሁለት አፈሙዞች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበውበታል። የሚታጠፍ ጠመንጃ ትልቅ ጥቅሙ ተከፍቶ ባዶ መሆኑን ማንም ከሩቅ ማየት መቻሉ ነው። ሦስተኛው በራሱ የሚጎርስ ነው። ከእነዚህ መካከል በባሩዱ ጋዝ ኃይል የሚሠሩት ርግጫቸው ለስለስ ይላል፤ ነገር ግን ጽዳት ይፈልጋሉ፣ ቀለሁንም አጠገብ ወዳለው ሰው ይወረውራሉ።

በአፈሙዙ ጫፍ የሚገባ ማጥበቢያም አለ። ሲጠብ ፍሬዎቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ሲሰፋ ቶሎ ይበተናሉ። ማጥበቢያው የሚቀያየርበት ጠመንጃ ልጁ የውድድር ዓይነት ቢለውጥ ሌላ ከመግዛት ያድናል።

አምስተኛ፦ ዋጋውና ከዋጋው በኋላ ያለው ወጪ

ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምርና ብዙ ሺህ ይደርሳል። ቤሬታን የመሰለ ከ1526 ጀምሮ የሚታወቅ የጣሊያን ስም ዋጋ ያስጨምራል፤ በልጁ ልክ ካልሆነ ግን ስሙ ብቻውን ሰሃን አይሰብርም። ያገለገለ ከተገዛ፣ አፈሙዙ የተጎደጎደ ወይም የዛገ አለመሆኑን፣ ሲዘጋም የማይወዛወዝ መሆኑን የጠመንጃ ጠጋኝ ይይ።

ብዙዎች የሚረሱት የጥይቱን ወጪ ነው። አንድ ፓኮ 25 ጥይት ይዛል። ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሁለት ዙር ቢተኩስ በሳምንት 100 ጥይት፣ ማለትም 4 ፓኮ ይጨርሳል። በስምንት ሳምንት 32 ፓኮ ይሆናል። ገንዘብ የምታዋጡ ዘመዶች ይህን አስቀድማችሁ አስሉ። ቡድኑ ጠመንጃ የሚያውስ ከሆነም፣ የመጀመሪያውን ወራት በውሰት ማሳለፍ ከሁሉ የሚሻል ቁጠባ ነው።

ስድስተኛ፦ ጆሮ፣ ዓይንና እርሳስ

የሾትገን ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ይበልጣል። ከ140 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድንገተኛ ድምፅ በአንድ ጊዜ እንኳ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ በዚህ የጠፋ መስማት አይመለስም። ስለዚህ ተኳሹም ቆሞ የሚመለከተው ወላጅም የጆሮ መከላከያ ያድርግ። የሰሃን ስብርባሪ ስለሚመለስ የመከላከያ መነጽርም ግድ ነው።

እርሳስ መርዝ ነው፤ ይበልጥ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር። ከተኩስ በኋላ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ አይበላም፤ የተኩስ ልብስም ከሕፃን ልብስ ጋር አይታጠብም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አለ። የቁጥር 20 ጥይት በስሕተት ቁጥር 12 ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ወደ ውስጥ ሾልኮ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል። ሌላ ጥይት ከኋላው ተጨምሮ ቢተኮስ አፈሙዙ ይፈነዳል። ሁለቱ በአንድ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጡ።

ሰባተኛ፦ ቁልፉ የት ያድራል?

ባገር ቤት ጠመንጃ ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ሲያድር ያያችሁ ብዙዎች ናችሁ። በዛሬ ቤት ይህ አይሆንም። ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ በብረት ሣጥን ይቆለፍ፤ ጥይቱ በሌላ ቦታ ይቆለፍ፤ ቁልፉም ልጁ ከማያውቀው ቦታ ወላጅ ዘንድ ይደር። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሾትገን አይሸጥም። ስለዚህ ገዢውም ኃላፊውም ወላጅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳናፍር እንናገር። በቤቱ ውስጥ ሐዘን የጸናበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሰው ካለ፣ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፣ ጠመንጃ በዚያ ቤት አይደር። የጨለማ ሐሳብ ብዙ ጊዜ መጥቶ ያልፋል፤ መሣሪያ በእጅ ካለ ግን ለማለፍ ጊዜ አያገኝም። ጠመንጃው ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ከቤት ይውጣ፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። ይህ ነውር አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው።

እዚህ እስራኤል ላለን

በአገራችን ጠመንጃ እንደ ዕቃ ከሱቅ አይገዛም። ከብሔራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር የጦር መሣሪያ ፈቃድ ክፍል ሪሻዮን ያስፈልጋል፤ ለዚያም በሐኪም የተፈረመ የጤና መግለጫ ይጠየቃል። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ መድኃኒታችሁንና ሕመማችሁን አትደብቁ። ከውጭ አገር ያለ ፈቃድ ጠመንጃ ወይም ጥይት ይዞ መግባትም ወንጀል ነው።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በስልክ ጠይቁ፦

1. አሠልጣኙ ልጁን ለክቶታል ወይ? መሪ ዓይኑስ ታውቋል?
2. ቡድኑ ጠመንጃ ያውሳል ወይ?
3. የጥይቱን ወጪ ማን ይሸፍናል?
4. የጆሮና የዓይን መከላከያ ተገዝቷል ወይ?
5. የብረት ሣጥን አለ ወይ? ቁልፉስ ማን ዘንድ ያድራል?

እኒያ እናት ጥያቄዎቹን አስጽፈውን ለወንድማቸው ደወሉ። ቡድኑ የሚያውሰው ጠመንጃ ነበረው፤ ሣጥን ግን በቤቱ አልነበረም። በሚቀጥለው ክትትላቸው «ገንዘቡን ለጆሮ መከላከያና ለሣጥኑ ላክነው። ጠመንጃው ልጁ ቁመቱ ሲረጋ ይደርሳል» አሉን። እኛም ክንዳቸውን ተቀብለን ግፊታቸውን ለካን፤ ወደ ልኩ ተመልሶ ነበር።