የዓሣ ኩሬው ቫልቭ እንዳይጣበቅብን

ጓሮው የዓሣ ኩሬ ያለበት ቤት የምንሠራ ጥቂት አይደለንም። በቧንቧው ላይ ያለውን ቫልቭ፣ ማዳሞቻችን «ማህበስ» የሚሉትን፣ የምናስታውሰው ውኃ ሲቀየር ብቻ ነው። ያኔ ግን ተጣብቆ ይጠብቀናል። ፀሐዩ ውኃውን ሲያተነው ኖራው እየቀረ ቫልቩ ውስጥ ይጋገራል። በጉልበት ስንጠመዝዘው እጀታው ከተሰበረ ኩሬው በአንድ ሌሊት ሊጎድል ይችላል፤ የዓሣው ዕዳ በማን ላይ እንደሚመጣ ደግሞ እናውቀዋለን።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን እንንካው። እጃችንን ውኃ ውስጥ ከመክተታችን በፊት የሞተሩን ሶኬት እንነቅላለን። እጀታው የነበረበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት እናደርግና ቀስ ብለን ሁለት ሦስት ጊዜ እንዘጋለን፣ እንከፍታለን። የማፍሰሻው ከሆነ ከፈት አድርገን ወዲያው እንዝጋው። እምቢ ካለ አንታገለው፣ በመዶሻም አንምታው፤ ለማዳም ነግረን የቧንቧ ሠራተኛ ይምጣ። የውጭውን ነጭ ቅርፊት አቼቶ በነከርነው ጨርቅ እንሸው፤ ወደ ኩሬው ግን አይንጠብጠብ። የመኪና ግራሶ ዓሣውን ስለሚጎዳ አንቀባ።

ስንጨርስ እጀታውን ወደ ምልክቱ መልሰን ሞተሩን እናብራ። በበጋ ይህ አይረሳ፤ የሞቀ ውኃ ብዙ አየር ስለማይዝ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ።