ዥዋዥዌ ስንት ነጥብ ያወጣል?

ቆርኪ ሰብስቦ ዳማ ያልተጫወተ ልጅ በከተማችን በአርብ ገበያ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የአንዱ ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው ይደረደራል፤ ካርቶን ላይ በከሰል የተሰመረውን ሰሌዳ ከተጫዋቹ ተመልካቹ በዝቶ ይከበዋል፤ «ብላው! ብላው እንጂ!» ሲባል ይዋላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዳማ አይደለም፤ ቆርኪው ግን ያው ነው። በዚህኛው ጨዋታ እያንዳንዱ ቆርኪ ሆድ ውስጥ ፊደል አለ፤ የሚበላውም ቃል ያወቀ ነው።

ፈረንጆቹ ስክራብል ይሉታል። ከከረጢት ውስጥ ሳያዩ ሰባት ፊደል ያወጣሉ። ከሰባቱ ቃል ሠርተው፣ 15 በ15 በሆነ ሰሌዳ ላይ፣ ቀድሞ ከተቀመጠ ቃል ጋር አጋጥመው ይደረድራሉ። በየቃሉ የሚገኘው ተራ ፊደል አንድ ነጥብ ሲይዝ ብርቁ ፊደል እስከ 10 ይደርሳል። ሰሌዳው ላይ ደግሞ የፊደሉን ወይም የቃሉን ዋጋ እጥፍና ሦስት እጥፍ የሚያደርጉ ቤቶች አሉ። ሰባቱንም በአንድ ተራ ያወረደ ሰው 50 ነጥብ ይመረቅለታል። ሕጉ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ፈጣሪው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት ሥራ አጣ። ሥራ ፈትቶ ቤት የዋለ ሰው ግድግዳ እያየ ሊቆዝም ይችላል፤ በትስ ግን ጋዜጣ ዘርግቶ ፊደል መቁጠር ያዘ። የትኛው ፊደል ስንቴ እንደሚመጣ ከኒውዮርክ ታይምስ ገጾች ለቀመ። ዛሬ በእንግሊዝኛው ከረጢት ውስጥ «ኢ» 12 ስትሆን «ኪው» እና «ዜድ» አንዳንድ ብቻ ሆነው 10 ነጥብ የያዙት ከዚያ ለቀማ የተነሣ ነው። ጨዋታውን ያሳያቸው ኩባንያዎች አልፈለጉትም። በ1948 ጄምስ ብሩኖት የሚባል ሰው ተረክቦ የዛሬውን ስም አወጣለት፤ በማግስቱ ዓመት 2,400 ያህል ሠርቶ ሸጠና 450 ዶላር ከሰረ። ሰው ሁሉ የተሻማበት ከ1952 ወዲህ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው፤ «ሁለት ወር ሞከርኩት፣ አልሆነም» ለምትሉ ወዳጆቼ ይድረስ።

አሁን ወደ ነጥቡ ልግባ። ይህን ጨዋታ የሚያሸንፈው ረጅም ቃል የሚያውቅ ሰው ይመስለናል። እንግሊዝኛውን ጠንቅቀው የሚጫወቱት ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚይዙት ባለሁለት ፊደሎቹን ቃላት ነው፤ ከመቶ ይበልጣሉ። ከእነሱ አንዷ ከቻይና የመጣችው «ቺ» ናት፤ የምትጻፈው በኪው እና በአይ ብቻ ነው። እሷን የማያውቅ ሰው ኪው የወጣችበት ዕለት እጁ ላይ ታቅፏት ይቀመጣል፤ የሚያውቅ ሰው ባገኛት ስንጥቅ ሰንቅሯት ይሄዳል። እንዲህ ያለች ቃል ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ሌሎች የናቁትን ለማየት መፈለግ ይበቃል።

ናይጄሪያውያን ይህን ቀድመው ተረድተዋል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ዌሊንግተን ጂጌሬ የፍጻሜ ተጋጣሚውን እንግሊዛዊ 4 ለ0 ረታ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። የአገሩ ልጆች የሚታወቁበት ስልት የሚገርም ነው፤ ረጅም ቃል መሥራት እየቻሉ አጭሩን መርጠው ያስቀምጣሉ፤ ለተጋጣሚያቸው በር ከመክፈት ጥቂት ነጥብ መተው ይሻላቸዋል። እንግሊዝኛን በእናቱ ጡት ያልተማረ ሰው በቋንቋው ባለቤቶች ላይ ነገሠ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ከዚህም የባሰ ነገር ተፈጽሟል። ናይጄል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። ዘጠኝ ሳምንት ያህል መዝገበ ቃላቱን ሲያጠና ቆይቶ ነው የሄደው አሉ። በ2024 ደግሞ ስፔን ድረስ ዘልቆ በስፓኒሽኛው ደገመው። እጅ ያስነሣል! ግን አንድ ነገር ልበል፤ እኔ ለእናንተ የምመኘው የእሱን መንገድ አይደለም። ትርጉሙን የማያውቁት ቃል ከሰሌዳው ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ ቤት ይዘውት አይገቡም።

የተሻለው መንገድ ያለው እዚሁ ደጃችን ነው። በጋይንት ምድር ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከአገሩ ሁሉ ተማሪ ድጓውን ሊያስመሰክር ይመጣባታል። ወደ ምሥራቅ ያለችው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የምትጠራ የቅኔ አገር ናት። በዚህ አቅጣጫ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ አኩፋዳውን ያነገተ ቆሎ ተማሪ ሳያገኝ አይቀርም። የዚያን ልጅ አዋዋል ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የግእዙን ግስ ከነትርጉሙ በቃሉ ይይዛል። የያዘውን ግን አያስቀምጠውም፤ ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥርበታል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ነው፤ ቀስ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን የኔታ ፊት ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል፣ ያቃኑታል፣ አንዳንዴም ያፈርሱበታል። የትናንቱን ዛሬ መድገም የለም፤ ዛሬ አዲስ ነው። ብርቅ ቃል ስላገኘ ብቻ ያለ ቦታው ቢሰነቅር የሚስቁበት ጓደኞቹ ናቸው። ናይጄል ሪቻርድስ ያጣው ይህን ነው፤ ቃሉን ይዞ ቦታ መፈለግን፣ ቦታው እስኪገኝ መታገስን፣ ሲገኝም ከነምስጢሩ ማስቀመጥን።

ታዲያ እኛ ያንን በቆርኪ ለምን አንጫወተውም? አሠራሩን ላሳያችሁ። መቶ ያህል ቆርኪ ሰብስቡ። ቆርኪው ውስጥ የሚገባ ክብ ወረቀት ቁረጡና ፊደል ጻፉበት። ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል፤ የእኛ ፊደል ሰባት ሰባት ቤት ስላለው ሁሉንም እንጻፍ ብንል ቆርኪው ከሁለት መቶ ያልፋል፣ ቃል መግጠምም አይቻልም። እኔ የምመርጠው ግእዙን ብቻ መጻፍ ነው። «ሰ» የተጻፈበት ቆርኪ እንደ አስፈላጊነቱ ሱም፣ ሲም፣ ሳም፣ ስም ሆኖ ይነበብ። ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ቆርኪ፣ ሰ እና ሠን በአንድ፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንደዚያው። የግእዝ መምህራን ይቅር ይበሉን፤ ጨዋታ ነው።

ነጥቡን ለመስጠት እንደ በትስ ቁጠሩ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ እየወጣ ነው፤ ከየትኛውም ዕትም አንድ ገጽ ውሰዱና ልጆቹን ፊደል አስለቅሟቸው። የነ፣ የተ፣ የወ፣ የለ፣ የመ፣ የረ ቤት ልጆች ገጹን ሞልተውት ታገኟቸዋላችሁ። እነሱ አንድ አንድ ነጥብ ይያዙ፤ ቆርኪያቸውም ይብዛ። ጰ አንድ ቆርኪ፣ 10 ነጥብ። ዠ ሁለት ቆርኪ፣ 8 ነጥብ። ሁለት ቆርኪ ደግሞ ምንም ሳትጽፉ ተዉ፤ የያዛቸው ሰው በፈለገው ፊደል ይተካቸዋል፣ ነጥብ ግን የላቸውም።

አሁን «ዥዋዥዌ»ን አስቡ። ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። ሁለቱ ዠ 16፣ ሁለቱ ወ 2፤ ድምር 18። ቃሉን ሦስት እጥፍ በሚያደርገው ቤት ላይ ካረፈ 54! «ጰራቅሊጦስ» ስድስት ቆርኪ ይጨርስላችኋል፤ ሰሌዳው ላይ ቀድሞ ከተቀመጠ አንድ ፊደል ጋር ከገጠመ ደግሞ አምስቱን ብቻ ከእጃችሁ ታወጣላችሁ። «ጳጳስ»ን ለመሥራት አንዷን ጰ ከባዶው ቆርኪ ጋር ማጋባት ነው። «ጳጉሜን» ከዓመቱ መጨረሻ ውጭም ትጠቅማለች። «ዥንጉርጉር» የያዘ ሰው ደግሞ ሁለት ገ እና ሁለት ረ እስኪወጡለት ትንፋሹን ይዞ ይጠብቅ።

ጨዋታው የሚጣፍጠው ግን አያትና የልጅ ልጅ ሲቀመጡ ነው። የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ «ፖሊስ» እና «ፓርክ» ሲል ይቆያል። አያቱ ወ፣ ገ እና ለን ወስደው «ወገል» ብለው ያስቀምጣሉ።

«አባባ፣ እንዲህ የሚባል ቃል የለም!»

«ድግሩን ከማረሻው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ብረት ምን ሊባል ኖሯል ልጄ? በል አስቀምጥና ቁጠር።»

ቀጥለው «ምራን» ይመጣል፣ «እርፍ» ይመጣል፣ ስንዴውን ያበላሸው «ዋግ» ይመጣል። ፊደል በቅጡ ያልለዩ አያት እንኳን ቃሉን ይንገሩ፣ የሚደረድርላቸው አይጠፋም። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው በቃል ሀብት ከተማሪ ሲበልጥ ማየት ለልጁም ለአያቱም ጥሩ ነው፤ በዚያ ምሽት ማን ማንን እንዳስተማረ ግልጽ ይሆናል።

ቃል የሚለቀመው ታዲያ የት ነው? አርብ አርብ ገበያው ሲቆም ከዚህ የበለጠ መዝገበ ቃላት ከየት ይመጣል! በቅሎ ለመሸጥ የመጣውን ሰውዬ አፏ ላይ የሚያስርላትን፣ ጀርባዋ ላይ የሚያለብሳትን ሁሉ ስሙን ጠይቁት፤ ልጓም፣ ዛብ፣ ግላስ እያለ ይዘረዝርላችኋል። ሸማኔው ጋ ስትደርሱ ድርና ማግ አለ። ሁለት ሁለት ቆርኪ ብቻ የሚፈልጉ፣ ጠባብ ቦታ ላይ የሚገቡ ቃላት ናቸው፤ «ቺ»ን ያስንቃሉ። እህል ተራ ሂዱና መስፈሪያውንና መያዣውን ጠይቁ፤ ቁና፣ ላዳን፣ እንቅብ፣ ስልቻ። ሰዎች ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ማስታወሻ ደብተር ያዙ እንጂ «በልቤ እይዘዋለሁ» አትበሉ።

ደብተር ላይ መጻፉ ብቻ ግን አይበቃም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊ በ1885 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ያጠናነው ነገር አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሚያመልጠን፣ እየቆየን ስንከልሰው ግን እንደሚሰክን አሳይቷል። ስለዚህ የአርቡን ቃል አርብ ማታ ደብተሩን ዘግታችሁ አስታውሱት፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግማችሁ፤ ከዚያ በሚቀጥለው አርብ። በመሃል በወሬ መካከል አንዴ ተጠቀሙበት። ያልተናገሩት ቃል የራስ አይሆንም።

መጽሐፉንም አትርሱ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ግዙፉን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሲደክሙበት የኖሩት ከመምህራቸው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን ጅምር ይዘው ነው፤ እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት አለፉ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አወጡ። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም. የታተመውም አለ። የትኛውም ቢገኝ ዳኛ አድርጋችሁ ሰሌዳው አጠገብ አስቀምጡት። ከሌለ ከመንደሩ ቃል አዋቂ የተባሉትን አዛውንት አስቀምጡ፤ ቡና አይቅርባቸው።

ዳኛ የግድ ነው፤ ጠብ አይቀርማ! «ሰበሩት»፣ «ሰበርንላቸው» እያለ ቃሉ ጅራት ላይ የሚቀጥል ብልጥ ሁሌም አለ። ይህን ከመጀመሪያው ከልክሉ፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ራሱን ችሎ የማይገኝ አይቆጠር። የሰው ስምና የአገር ስምም አይፈቀድ፤ አለበለዚያ «ጉና» ብቻዋን ስንት ሰው ታጣላለች። «እንዲህ የሚባል ቃል የለም» ብሎ ተከራክሮ የተረታ ሰው ደግሞ ቅጣት ይክፈል። ቅጣቱን ከእንቆቅልሽ ተውሱት፤ አገር ይስጥ። ጎንደርን ግን እንዳትቀበሉት፤ ሁሉም ቀድሞ የሚሰጠው እሷን ነው። ሌላ አገር ይጥራ።