ምንነትን በወገንና በመለያ መግለጽ

ሀ. ማብራሪያ

የአንድን ነገር ምንነት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገሮችን አሟልቶ መያዝ አለበት። እነርሱም ነገሩ የሚመደብበት ወገንና ከወገኖቹ የሚለይበት ምልክት ናቸው። «ቄጠማ በረግረግ ይበቅላል» ብንል መኖሪያውን እንጂ ምንነቱን አልገለጽንም። «ቄጠማ ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ የረግረግ ተክል ነው» ስንል ግን ወገኑንም መለያውንም እንሰጣለን።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በክረምት ማብቂያ ከደብረ ታቦር ወጥታችሁ ወደ ጉና ተራራ ግርጌ ብትሄዱ፣ በጨፌው ሣር መካከል ልዩ ልዩ አበቦች ታያላችሁ። ከእነርሱ አንዱ ኦርኪድ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ ኦርኪድ ነጭም፣ አረንጓዴም፣ ቢጫም፣ ሐምራዊም ሊሆን ይችላልና። ቀርባችሁ ቍጠሩ። ኦርኪድ ሦስት የውጭና ሦስት የውስጥ የአበባ ቅጠሎች አሉት። ከውስጦቹ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደ ከንፈር ይወጣል። ወንዴና ሴቴ ክፍሎቹም በአንድ ዓምድ ተዋሕደው ይገኛሉ። አደይ አበባ ግን አንድ አበባ ቢመስልም የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው።

ጀርመናዊው ዕፀዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1863 በደብረ ታቦርና በጋፋት ዙሪያ ዕፀዋት ይሰበስብ ነበር። በረግረግ ሣር ውስጥ የሚበቅል አንድ ኦርኪድም «ሐበናሪያ ሺምፔሪያና» ተብሎ በስሙ ይጠራል። የስሙ የመጀመሪያ ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። እንግዲህ ሳይንሳዊ ስም ራሱ የወገንና የመለያ ጥምረት ነው።

ጨፌ በቦይ ተጠንፍፎ ሲታረስ ረግረግ ወዳድ ተክል መኖሪያውን ያጣል። ተገልጾ የተጻፈ እንደ ሆነ የጠፋውን ለይተን እናውቃለን። «አንድ የሚያምር አበባ ነበረ» ተብሎ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ግን ምን እንደ ጠፋብን እንኳ ለመናገር አንችልም።

ሐ. መልመጃ

1. በምንባቡ መሠረት የኦርኪድን ምንነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ወገኑን አንድ ጊዜ፣ መለያውን ሁለት ጊዜ አስምሩበት።

2. የደንገልም ግንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ስለዚህ በማብራሪያው የተሰጠው የቄጠማ ፍቺ ምን ይጐድለዋል? አሟልታችሁ ጻፉ።

3. በአካባቢያችሁ የሚበቅል አንድ የዱር አበባ ሳትነቅሉ ተመልከቱ። «ውብ»፣ «ማራኪ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ፣ አይቶት የማያውቅ ሰው ሊለየው በሚችልበት አኳኋን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።