ፈረስና አህያ በጥንት ዘመን

 

ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ በግድግዳው ላይ ካሉት ቅዱሳት ሥዕሎች ሁለቱን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? በአንደኛው ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረስ ተቀምጦ፣ ጦሩን ይዞ ይታያል። በሁለተኛው ሥዕል ደግሞ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በአህያ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ይታያል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ወታደር ስለ ነበረ በፈረስ መቀመጡ አያስገርምም። የነገሥታት ንጉሥ የሆነው ጌታችን ግን በፈረስ ሳይሆን በአህያ የመጣው ስለ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት በጥንት ዘመን ፈረስ የማን እንደ ነበረና ምን ይሠራ እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልገናል። የዛሬው ትምህርታችንም ስለዚሁ ነው።

ሀ. ፈረስ የማን ነበረ?

የዛሬዎቹ ለማዳ ፈረሶች ዘር የተገኘው በቮልጋና በዶን ወንዞች አካባቢ፣ ዛሬ ሩሲያ በምትባለው አገር ካለው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ሊቃውንት የጥንት ፈረሶችን አጥንት መርምረው ይህን በ2021 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል። ፈረስ ከዚያ ተነሥቶ ከዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ብዙ አገሮች ተሰራጨ። ወደ ግብፅ የገባው ግን ዘግይቶ ነው። ታላላቆቹ ፒራሚዶች ሲሠሩ በግብፅ ምድር ፈረስ አልነበረም።

እንግዲህ በሐሳባችን ወደ አንድ የጥንት የእስራኤል መንደር እንግባ። ማለዳ ነው። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። እህሉ ሲደርስም በአውድማ ላይ የሚያበራዩት በሬዎች ናቸው። ወደ ገበያ እህል የምትጭነው፣ መንገደኛውንም የምታደርሰው አህያ ናት። የሱነም ሴት ልጇ በሞተባት ጊዜ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ፈጥና የሄደችው አህያ አስጭና ነበር (2ኛ ነገ. 4፥24)። አህያ ከፈረስ በፊት በእኛ በአፍሪካ ለማዳ የሆነች፣ ለድሃውም ለባለጸጋውም የምታገለግል እንስሳ ናት።

በመንደሩ ውስጥ ፈረስ ብንፈልግ ግን አናገኝም። ለምን? ዋጋው እጅግ ውድ ስለ ነበረ ነው። ንጉሥ ዳዊት የኦርናን አውድማ ከነበሬዎቹ የገዛው በ50 ሰቅል ብር ነበር (2ኛ ሳሙ. 24፥24)። በልጁ በሰሎሞን ዘመን ደግሞ ከግብፅ የሚመጣ አንድ ፈረስ 150 ብር፣ አንድ ሰረገላ 600 ብር ያወጣ ነበር (1ኛ ነገ. 10፥29)። እስቲ አስሉት፤ የአንድ ፈረስ ዋጋ የኦርናን አውድማና በሬዎች ሦስት ጊዜ ይገዛ ነበር ማለት ነው።

መግዛቱ ብቻ አይደለም፤ መቀለቡም ከባድ ነው። ለሰሎሞን ፈረሶች ገብስና ጭድ ከየአገሩ ይመጣ ነበር (1ኛ ነገ. 4፥28)። ስለዚህ ፈረስ የነገሥታትና የመኳንንት ሀብት ነበር።

ለ. ፈረስ ምን ይሠራ ነበር?

የመጀመሪያው ሥራው ጦርነት ነው። በጥንት ዘመን ሁለት ፈረሶች አንድ ቀላል ሰረገላ ይጎትቱ ነበር። በሰረገላው ላይ አንዱ ሰው ልጓሙን ይይዛል፤ ሌላው ቀስት ይወረውራል። በእግሩ ለሚዋጋ ሰው ይህ እጅግ አስፈሪ ነበር።

ሁለተኛው ሥራው መልእክት ማድረስ ነው። የፋርስ ነገሥታት ከሱሳ እስከ ሰርዴስ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ ነበራቸው። በእግር ለሚጓዝ ሰው 90 ቀን ይወስድ እንደ ነበር የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ጽፏል። በመንገዱ ላይ 111 ማረፊያዎች ነበሩ። የንጉሡ መልእክተኞች ግን በየአንድ ቀን ጉዞ ፈረስና ጋላቢ እየተለወጠ፣ ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይፈጥኑ ነበር። በመጽሐፈ አስቴርም አይሁድን ከሞት ያዳነው ደብዳቤ የተላከው በፈረሰኞች እጅ ነው (አስ. 8፥10)።

ሦስተኛው ሥራው ክብር ማሳየት ነው። መርዶክዮስ እንዲከበር በተፈለገ ጊዜ በንጉሡ ፈረስ ላይ ተቀምጦ በከተማው አደባባይ ዞረ (አስ. 6፥11)። የንግሥት ህንደኬ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሰረገላ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብ ነበር። ቅዱስ ፊልጶስ ግን ሮጦ ነው የደረሰበት (የሐዋ. 8፥30)። አያችሁ ልጆች? ሹም በሰረገላ፣ ወንጌላዊ በእግሩ! ሹሙ ግን አልናቀውም፤ ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው።

ሐ. ፈረስን ማን ይንከባከበው ነበር?

ንጉሡ በፈረሱ ሲከበር፣ በስተጀርባ ጋጣ የሚጠርጉ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ ገብስ የሚሰፍሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ከ3,300 ዓመት በፊት የኖረው የሚታኒ ሰው ኪኩሊ ነው። ኪኩሊ በኬጢያውያን አገር የፈረስ አሰልጣኝ ሲሆን፣ ትምህርቱ በሸክላ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ፈረሱ በየቀኑ ስንት ርቀት እንደሚሮጥ፣ መቼ እንደሚታጠብ፣ መቼ ውኃ እንደሚጠጣ፣ ላቡ እንዳይበርድበት መቼ እንደሚለብስ አንድ በአንድ ይዘረዝራል።

አሁን ደግሞ አንድ ታሪክ ስሙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት በኩሽ ምድር ፒያንኪ የሚባል ንጉሥ ነበር። የኩሽ ምድር በመጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያ ተብላ የምትጠራው፣ ከግብፅ በስተደቡብ ያለችው አገር ናት። ንጉሡ ቲርሐቅም የፒያንኪ ልጅ ነው (2ኛ ነገ. 19፥9)። ፒያንኪ ግብፅን ሲወጋ ሄርሞፖሊስ የተባለችውን ከተማ ከበበ። የከተማዪቱ ገዥ ናምሎት በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ፒያንኪ ቤተ መንግሥቱንና ግምጃ ቤቱን ከጎበኘ በኋላ ወደ ፈረሶቹ ጋጣ ገባ። ፈረሶቹና ግልገሎቻቸው በረኃብ ከስተው አገኛቸው። በዚህ ጊዜ ንጉሡ እጅግ ተቆጣ። ናምሎት ካደረገው ክፉ ነገር ሁሉ ይልቅ የፈረሶቹ መራብ ልቡን እንዳሳዘነው ተናገረ። ይህ ሁሉ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ ድንጋዩም በ1862 እ.ኤ.አ. ዛሬ ሱዳን በምትባለው አገር በጀበል ባርካል ተገኝቷል።

ልጆች፣ ፒያንኪ አሞን የተባለ ጣዖት የሚያመልክ ንጉሥ ነበር። ነገር ግን የታሰረ እንስሳ ራሱ ሄዶ ምግብ መፈለግ እንደማይችል፣ ተራብሁ ብሎም እንደማይናገር ተረዳ። መጽሐፍ ቅዱስም ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚራራ ያስተምረናል (ምሳ. 12፥10)። እናንተስ በቤታችሁ ያለውን በግ፣ ውሻ ወይም ዶሮ ዛሬ ውኃ አጠጥታችሁታል?

መ. ጌታችን ስለ ምን በአህያ መጣ?

ፈረስ ኃይለኛ ስለሆነ ሰዎች ይመኩበት ነበር። ፈርዖን 600 የተመረጡ ሰረገሎች አሰልፎ እስራኤልን አሳደደ፤ ነገር ግን ከነሠራዊቱ ሰጠመ (ዘጸ. 14፥7-28)። እግዚአብሔርም የእስራኤል ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ በሕጉ አዘዘ (ዘዳ. 17፥16)። ይህም ፈረስ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው በፈረስ ታምኖ ፈጣሪውን እንዳይረሳ ነው።

ነቢዩ ዘካርያስ የሚመጣው ንጉሥ ትሑት እንደሚሆንና በአህያ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ተናገረ (ዘካ. 9፥9)። በሆሣዕና ዕለት ጌታችን እንደ ትንቢቱ መጣ (ማቴ. 21፥1-11)። በጦር ፈረስ የሚመጣ ንጉሥ ሕዝቡን ያስፈራል። እርሱ ግን የመጣው ገበሬው እህል በሚጭንባት፣ እናት ልጇን ይዛ በምትጓዝባት እንስሳ ነው። ስለዚህ ሕፃናት እንኳ ሳይፈሩ ቀርበው አመሰገኑት።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. በጥንት የእስራኤል መንደር እርሻና ጭነት የሚሠሩት የትኞቹ እንስሳት ነበሩ?
2. በሰሎሞን ዘመን የአንድ ፈረስ ዋጋ ስንት ነበር?
3. ንጉሥ ፒያንኪ በሄርሞፖሊስ ጋጣ ምን አየ? ስለ ምንስ አዘነ?
4. የእስራኤል ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ የታዘዘው ለምንድን ነው?
5. በዚህ ሳምንት አንድ እንስሳ ተንከባከቡና ያደረጋችሁትን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።