የግዕዝ ፊደል በጎ ቋንቋ፦ ኮምፓይለርን ከምንጭ ኮዱ በመገንባት የተደረገ ሙከራ

በጎ የፕሮግራም ቋንቋ ‹ተማሪ› የሚል መዋቅር ፈጥሮ በውስጡ ‹ስም› እና ‹ዕድሜ› የተባሉ ሁለት መስኮችን ማስቀመጥ ይቻላል። ኮምፓይለሩ የግዕዙን ፊደል ያለ ቅሬታ ይቀበላል፤ ፕሮግራሙም ይሠራል። ይሁን እንጂ የመዋቅሩ መረጃ በቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ አማካይነት ወደ ጄሰን ቅርጽ ሲለወጥ የሚወጣው ባዶ ቅንፍ ብቻ ነው። የስሕተት መልእክት የለም፤ ማስጠንቀቂያም የለም። ፕሮግራም መጻፍን በአማርኛ ስሞች ለማስተማር የሚነሣ መምህር ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚጋጨው ከዚህ ዝምታ ጋር ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የችግሩን ምንጭ ያሳያል፤ ደንቡን ከሥሩ ለመለወጥ የተደረገውንም ሙከራ ይገልጻል። ሥራው የተከናወነው በልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሚገኝ መኖሪያ ቤት፣ 8 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ባለው ተራ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ለዚህ ዓይነቱ ማሽን የጎ ኮምፓይለር ተስማሚ ነው። እንደ ኤልኤልቪኤም ያሉት ግዙፍ ፕሮጀክቶች ክፍሎቻቸውን አንድ ላይ በሚያገናኙበት ጊዜ ማህደረ ትውስታን ይጨርሳሉ፤ ጎ ግን ከመነሻው በፍጥነት እንዲገነባ ታስቦ የተሠራ ነው።

የችግሩ ምንጭ ቀላል ነው። በጎ ቋንቋ አንድ ስም ከሌሎች ፓኬጆች የሚታይ ‹ይፋ› ስም የሚሆነው በትልቅ ፊደል ሲጀምር ነው። በሌላ ማናቸውም ፊደል የሚጀምር ስም በገዛ ፓኬጁ ውስጥ ተወስኖ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲካተትም ‹ሌላ ፊደል› በተባለው ምድብ ውስጥ ተመዝግቧል። ስለዚህ ሀ ብሎ የሚጀምር ስም መቼም ይፋ ሊሆን አይችልም። የጄሰኑ ላይብረሪ ሌላ ፓኬጅ በመሆኑ መስኮቹን ሳያያቸው ያልፋል። ችግሩ የጃፓን፣ የቻይናና የሌሎችም ጽሕፈቶች ነው፤ የቋንቋው አዘጋጆችም ያውቁታል። በይፋ የጥያቄና መልስ ገጻቸው የሚሰጡት መፍትሔ ከስሙ ፊት ትልቅ የላቲን ኤክስ መጨመር ሲሆን፣ አጥጋቢ አለመሆኑን ራሳቸው ያምናሉ። የሚገርመው ከጎ ፈጣሪዎች መካከል ሁለቱ፣ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ዩቲኤፍ-8ን የነደፉ ሰዎች መሆናቸው ነው። ዛሬ ግዕዝ በየስልኩና በየኮምፒውተሩ የሚጓዘው፣ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ተቀምጦ፣ በእነርሱ ዘዴ ነው።

የጎ ኮምፓይለር የተጻፈው በራሱ በጎ ቋንቋ ነው። እስከ 1.4 ድረስ በሲ የተጻፈ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 ከወጣው 1.5 ጀምሮ ግን ጎን ለመገንባት ጎ ያስፈልጋል። ከሲ ብቻ ተነሥቶ ወደ 1.24 መድረስ የፈለገ ሰው ደረጃ በደረጃ ይወጣል፦ በሲ ኮምፓይለር 1.4ን፣ በእርሱ 1.17ን፣ በዚያ 1.20ን፣ ከዚያም 1.22ን፣ በመጨረሻ 1.24ን ይገነባል። አስቀድሞ የተገነባ 1.22 አውርዶ ከመካከል መጀመርም ይቻላል። እኔ ረጅሙን መንገድ መርጫለሁ። ይህ ግትርነት ብቻ አይደለም፤ ያው ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1983 የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ በምንጭ ኮዱ ውስጥ ምንም ምልክት የሌለው ተንኮል በተገነባው ኮምፓይለር ውስጥ ተደብቆ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ እንደሚችል አሳይቷል። በረጅሙ መንገድም ቢሆን የሲ ኮምፓይለሩን ማመን ግድ ይላል፤ የሚታመነው ነገር ግን ያንሳል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ የራሱ ጥንቃቄ ይሻል። እያንዳንዱን ደረጃ በተለየ ማኅደር ማስቀመጥና ሲጠናቀቅ በአንድ ትንሽ ፕሮግራም መፈተሽ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው የተጀመረው ደረጃ ብቻ ይሆናል፤ በግማሽ የቀረውን ማኅደር ግን ለመጠገን ከመሞከር ሰርዞ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ምንም ከመነካቱ በፊት ያልተለወጠውን 1.24 መገንባትና ከኩባንያው ከሚሰራጨው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ከ1.21 ጀምሮ ጎ በማንም ማሽን ላይ ቢገነባ ባይት በባይት አንድ ዓይነት ውጤት እንዲሰጥ ተደርጓል። ሁለቱ ከተገጣጠሙ፣ ከዚህ በኋላ የሚታየው ልዩነት ሁሉ ከገንቢው እጅ የመጣ መሆኑ ይታወቃል።

ለውጡ ራሱ አንድ ሐረግ ነው፦ ‹የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ከሆነ› የሚለው ሁኔታ ‹ወይም ከኢትዮጵያ ፊደላት አንዱ ከሆነ› የሚል ይጨመርበታል። የፊደላቱ ሠንጠረዥ በቋንቋው የዩኒኮድ ፓኬጅ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። የውስጥ እንዲሆን የሚፈለገው ስም በሰረዝ ይጀምራል፤ ‹_ስም› እንደ ማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር ይኸው ጥያቄ ቢያንስ በሦስት ቦታ መጠየቁ ነው፦ በኮምፓይለሩ ዐይነት መርማሪ፣ የመስኮችን መግለጫ በሚጽፈው ክፍሉ፣ እንዲሁም ሌሎች መሣሪያዎች በሚጠቀሙበት የመደበኛው ላይብረሪ ፓኬጅ። አንዱ ከተረሳ ኮምፓይለሩ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ መርማሪው ያጸደቀው መስክ በመግለጫው ላይ የውስጥ ተብሎ ይመዘገባል፣ ጄሰኑም እንደ ቀድሞው ባዶ ይወጣል።

ግንባታው ኮምፓይለሩን ሦስት ጊዜ ይሠራል። የመጀመሪያው በአሮጌው 1.22 ይገነባል፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው፣ ሦስተኛው በሁለተኛው። አሮጌው አዲሱን ደንብ ስለማያውቅ፣ በኮምፓይለሩ በራሱ ምንጭ ኮድ ውስጥ ይፋ የግዕዝ ስም መጠቀም አይቻልም፤ የመጀመሪያው ዙር ላይ ይቆማል።

ከለውጡ በኋላ የ‹ተማሪ› መዋቅር ሁለቱንም መስኮች ከነዋጋቸው አውጥቷል። ከ1.21 ወዲህ የመጣ አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ የፕሮጀክቱ ፋይል ከፍ ያለ ስሪት ከጠየቀ መሣሪያው ያንን ስሪት ከኢንተርኔት አውርዶ በእርሱ ይገነባል፤ የተለፋበት ኮምፓይለር ሳይነካ ባዶው ቅንፍ ይመለሳል። ይህን ልማድ በቅንብሩ ‹የአካባቢውን ብቻ› በማለት መዝጋት ግዴታ ነው።

የግዕዝ ቁጥሮች ጉዳይ የተለየ ነው። ጎ በስም ውስጥ የሚፈቅደው የአስርዮሽ አኃዞችን ብቻ ሲሆን፣ ፩ እና ፪ ዜሮና የቦታ ዋጋ የሌለው ሥርዓት አባላት በመሆናቸው በዚያ ምድብ የሉም፤ ‹ደብተር፩› አይቀበልም። ፓይተን እስከ ፱ ድረስ ይቀበላል፣ ፲ን ግን አይቀበልም። ይህን በሙከራው አልነካሁትም።

በዚህ መንገድ የተገኘው ኮምፓይለር ቀበልኛ ነው። በእርሱ የተጻፈና ይፋ የግዕዝ ስሞችን በፓኬጆች መካከል የሚጠቀም ኮድ በሌላ ሰው ማሽን ላይ አይገነባም። ለሕዝብ በሚሰራጭ ሥራ እንዲገባ አልመክርም፤ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ሰው በሚቀናበሩበት የመማሪያ ክፍል ግን ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እዚያም ቢሆን የኮድ ማረሚያው ረዳት ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፓይለር እንደገና መገንባት አለበት፤ አሮጌውን ደንብ በውስጡ ይዞ ስለሚዞር፣ ያለዚያ ተማሪው በትክክል የጻፈውን ስም በቀይ ያሰምርበታል።