ከዓመት ዓመት የሚሻገር ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል?

የተማሪዎች ማኅበር መሪዎች በየዓመቱ ይለወጣሉ፤ የተመረቀው ይሄዳል፥ አዲሱም ይተካል። የቀድሞው ድረ ገጻችን የጠፋው በዚሁ ምክንያት ነበር። ገጹን የሚጠብቀው ጓደኛችን ተመርቆ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ አልተገኘም፤ የብዙዎች ድካም የነበሩት ጽሑፎችም በዳታቤዙ ውስጥ እንደ ተቆለፈባቸው ቀሩ። ይህ እንዳይደገም ምን ማድረግ ይገባናል?

ድረ ገጽ በሁለት መንገድ ይቀርባል። በአንደኛው መንገድ አንባቢ በጠየቀ ቁጥር ሰርቨሩ ጽሑፉን ከዳታቤዝ አውጥቶ ገጹን በዚያው ቅጽበት ያሰናዳል። በሁለተኛው መንገድ ግን ገጾቹ ሁሉ አስቀድመው ተሰናድተው ይቀመጣሉ፤ የሰርቨሩ ተግባር የተዘጋጀውን ማደል ብቻ ነው። ነገሩ ከዚህ መጽሔት አሠራር ጋር ይመሳሰላል፤ ስቴንስሉ አንድ ጊዜ ከተመታ የቀረው ማባዛት ነውና።

ገጾቹን አስቀድሞ የሚያሰናዳው ፕሮግራም ስታቲክ ሳይት ጄኔሬተር ይባላል። ከታወቁት መካከል በሩቢ ቋንቋ የተጻፈውን ጄኪልን ቶም ፕሬስተን ወርነር በ2008 እ.ኤ.አ.፥ በጎ ቋንቋ የተጻፈውን ሁጎን ደግሞ ስቲቭ ፍራንሲያ በ2013 እ.ኤ.አ. አወጡ። የሁለቱም ምንጭ ኮድ ክፍት ስለ ሆነ ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው ይችላል። እኛ ለምሳሌ የምንወስደው ሁጎን ነው።

አንደኛ፤ ፕሮግራሙን ጭነን አዲስ ሳይት እንዲከፍትልን እናዝዘዋለን፤ እርሱም የአቃፊዎቹን መዋቅር ያዘጋጃል።

ሁለተኛ፤ የገጹን መልክ የሚወስነውን ቴም እንመርጣለን።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ ኮንተንት በተባለው አቃፊ ውስጥ በማርክዳውን እንጽፋለን። ማርክዳውን ተራ ጽሑፍ ነው፤ በመስመር መጀመሪያ የተደረገ የሃሽ ምልክት ርእስን ያመለክታል። የግዕዝ ፊደል እንዳይበላሽ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ይቀመጥ።

አራተኛ፤ ሥራውን በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ አይተን ካረምን በኋላ ገጾቹን እናስወጣለን። የተጠናቀቁት ገጾች ፐብሊክ በሚባል አቃፊ ይከማቻሉ፤ ወደ ሰርቨር የሚላከውም ይኸው ነው።

ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አንድ ነገር አለ። ሁጎ አዲስ ጽሑፍን በልማዱ «ድራፍት» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ይህን ምልክት ያላነሣ ሰው ጽሑፉን በገጹ ላይ ፈልጎ ያጣዋል። ጠፋ ብሎ ከመደንገጥ አስቀድሞ የጽሑፉን ራስጌ መመልከት ነው።

መንገዱ ጉድለት የለውም አንልም። ተማሪ መመዝገብ ወይም ድምፅ መቀበል ሲያስፈልግ እንዲህ ያለው ገጽ ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ አገልግሎት መጨመር ግድ ይሆናል። ጽሑፍን ለማስነበብ ግን ዳታቤዝ አያሻውም፤ በቀላል ሰርቨርም ይሠራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ጽሑፉ በእጃችን መቅረቱ ነው። ሰርቨሩ ቢዘጋ፥ ሁጎም ራሱ ቢቀር፥ ተራው ጽሑፍ በማናቸውም ኮምፒዩተር ይነበባል። ስለዚህ የአቃፊው ቅጂ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቀመጥ። ቢያንስ ሦስት አባላት ይያዙት፤ ከሦስቱም አንዱ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሁን።